ኢሜይሌ ቻርጅ ስሰካ ብቻ ለምን ይገባል?

ሜክሲኮ አካባቢ የምትሠራ አንባቢ ናት የጻፈችልን። አንድሮይድ 11 ስልኳ ቀኑን ሙሉ በኖቲፊኬሽን ሲጮህ ይውላል። ጥገና ቤት ወሰደችው። እዚያ ባትሪ ቀየሩላትና «በኤአይ ጩኸት የሚቀንስ» የተባለ አፕ ጫኑላት። ጩኸቱ አልቀነሰም። በሳምንት አንዴ የምትከፍተው የቢሮ ኢሜይል ግን ማታ ቻርጅ ስትሰካ ተግተልትሎ ይገባል።

እህቴ፣ «ቻርጅ ስሰካ» ያልሽው ይበቃኛል። ኔትወርክ አይመስለኝም። አዳፕቲቭ ባትሪ የሚባለውን የስልኩን ባትሪ ቆጣቢ ነው የምጠረጥረው።

መጀመሪያ ግን ያንን አፕ አጥፊ። ኖቲፊኬሽን አክሰስ፣ ማለትም ኖቲፊኬሽንሽን የማየት ፈቃድ፣ የተሰጠው አፕ በኖቲፊኬሽን የሚታየውን መልእክት ሁሉ ማንበብ ይችላል። የባንክ ኮድሽንም!

አዳፕቲቭ ባትሪ በ2018 ከአንድሮይድ 9 ጋር መጣ። ጉግል ዲፕማይንድ ከሚባለው የኤአይ ኩባንያ ጋር ነው የሠራው። ማሽን ለርኒንጉ፣ ማለትም ከአጠቃቀምሽ የሚማረው ፕሮግራም፣ የትኛውን አፕ ቶሎ እንደምትከፍቺ ይገምትና አፖቹን በደረጃ ይመድባል። እንደ ባለሱቅ ነው፤ ብዙ የሚጠየቀውን እጁ ሥር ያደርጋል፣ ጠያቂ ያጣውን ላይኛው መደርደሪያ ይሰቅላል። በአንቺ ስልክ ላይ የመጨረሻው ደረጃ የደረሰው አፕ በቀን 5 አስቸኳይ መልእክት ብቻ ይፈቀድለታል። ከጀርባ የሚሠራው ሥራ እስከ 24 ሰዓት ሊዘገይ ይችላል። ቻርጅ ሲሰካ ገደቡ ይነሳል። ኢሜይልሽ የሚጠብቀው ይህንን ነው። ስልኩ የሚማረው ከምትነኪው ነው። የሚጠቅምሽን አያውቅም። ታክሲ ሰልፍ ላይ የምትከፍቺው ጨዋታ ከአለቃሽ ደብዳቤ ይቀድማል።

ስለዚህ ሴቲንግ ውስጥ ባትሪ ኦፕቲማይዜሽን ገብተሽ ኢሜይሉን ብቻ «ዶንት ኦፕቲማይዝ» አድርጊው። ሌላውን አትንኪ፤ ሁሉንም ከፈታሽ ባትሪሽ ያልቃል። የሚረብሽሽ ኖቲፊኬሽን ሲመጣ ደግሞ ጫን ብለሽ ያዢውና «ሳይለንት» በይው።

ባትሪው ራሱ ያሳስበኛል። ርካሽ ባትሪ ላይ ትልቅ የአቅም ቁጥር ይለጠፍበታል፣ እስከ ማታ ግን አያደርስም። አንዳንድ ጠጋኝ ድክመቱን ለመሸፈን ባትሪ ሴቨር የሚባለውን የቁጠባ ሁነታ ከፍቶ ይሰጣል። ይህ ሥራ አይደለም፤ ደንበኛን ማታለል ነው። ያንቺም በርቶ እንደሆነ እይና አጥፊው።

ደግሜ እላለሁ፦ ማንም ይጫንልሽ ማን፣ የማታውቂው አፕ ኖቲፊኬሽን አክሰስ ከጠየቀ እምቢ በይ። ጩኸት ለመቀነስ ብለሽ የባንክና የቴሌብር ኮድሽን ለማታውቂው ሰው አትስጪ። የተፈቀደላቸውን ዝርዝር ዛሬውኑ ክፈቺና እዪ።

ጥቂት ቀን ተጠቅመሽ ኢሜይሉ አሁንም ከዘገየ፣ የኢሜይሉ የራሱ ሲንክ (አዲስ መልእክት በራሱ የሚያመጣው ማብሪያ) ጠፍቶ እንደሆነ ፈትሺ።