በባቡር ቅስት ሥር ያለው ሱቄ ያፈሳል፤ በሲሚንቶ ላስለስነው?

ጥያቄው ከለንደን ነው። ጠያቂያችን ቮክስሆል አካባቢ፣ ከሃዲዱ ሥር ካሉት የጡብ ቅስቶች አንዱን ተከራይታ ቡና ትቆላለች። ዝናብ ሲጥል ጣሪያው ያንጠባጥባል፤ ዝናቡ ካባራም በኋላ አይተዋትም። አንድ ሠራተኛ «በሲሚንቶ እንለስነው፣ ትገላገያለሽ» ብሏታል።

እህቴ፣ ይቅርብሽ። ሲሚንቶ ውሃውን አያቆመውም፤ ያፍነዋል እንጂ።

ከናይን ኤልምስ እስከ ዋተርሉ ያለው ይህ የቅስት ድልድይ እ.ኤ.አ. በ1848 ሥራ ጀመረ። የዚያ ዘመን የጡብ ቅስት አንዱ በሌላው ላይ የተደረቡ የጡብ ቀለበቶች ነው፤ የሚያያይዛቸውም ኖራ ነው። የጎንደሩ ፋሲል ግንብም እኮ የቆመው በኖራ ነው። ከቀለበቶቹ በላይ ሙሌት፣ ከዚያ ጠጠር፣ ከዚያ ሃዲድ አለ። ውሃ መከላከያው ሽፋን ሲያረጅ ወይም መውረጃው በቆሻሻ ሲደፈን ዝናቡ ሙሌቱ ውስጥ ይጠራቀማል። ከዚያ ቀስ እያለ በጡቡ መጋጠሚያ ይወርዳል። ዝናቡ ካባራ በኋላ የሚንጠባጠበውም ለዚህ ነው። ኖራው እርጥበቱን ያስወጣል። በሲሚንቶ ከለሰንሽው ግን ውሃው ከኋላ ይታቆራል፣ በብርዱ ወራት በረዶ ሆኖ ያብጣል፣ የጡቡን ፊት ገሽልጦ ይጥለዋል።

መጀመሪያ የሚያፈሰው የቱ ጋ እንደሆነ እዪ። ይህ መስመር በኋላ እንዲሰፋ ተደርጓል። ጣሪያው ላይ የጡቡ ቀለም የሚለወጥበት ቀጥ ያለ መስመር ካለ፣ አሮጌውና አዲሱ የተገናኙበት ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው ቦታ ማፍሰስ ይወዳል። ነጭ ነገር ተንጠልጥሎ ካየሽ ከመጋጠሚያው ታጥቦ የወጣ ኖራ ነው። እጅሽ የሚደርስበትን ጡብ በመዶሻ ቀስ ብለሽ አንኳኪ። ደህናው ጡብ ጥርት ያለ ድምፅ አለው። እንደ ከበሮ ባዶ ከጮኸ ቀለበቱ ከላይኛው ተላቆ ሊሆን ስለሚችል መሐንዲስ ይየው። የላላ ጡብ ካለማ ጭራሽ አትንኪው፤ ከሥሩም ሰው አታስቁሚ።

ሥራውን የሚያውቅ ሰው ከጡቡ ሥር ክፍተት ትቶ ቆርቆሮ በቅስቱ ቅርጽ ያጥፍልሽ። ውሃው በቆርቆሮው ላይ ወርዶ ወደ ጎን አሸንዳ ይግባ። ቆርቆሮው የሚነቀል ይሁን፤ የድልድዩ መርማሪዎች ሲመጡ ጡቡን ማየት ይፈልጋሉ። አንዲት ብሎን ከመብሳትሽ በፊት ግን የአከራይሽን ፈቃድ በጽሑፍ ያዢ። የላይኛው መውረጃ ሲጸዳ አንቺ ከምትሰቅይው ቆርቆሮ የበለጠ ለውጥ ስለሚያመጣ፣ ፎቶ አያይዘሽ እሱንም አብረሽ ጠይቂ። እስከዚያው የመቁያ ማሽኑን ሶኬት ከጠብታው አርቂው።