«ሕገወጥ ስደተኛ» ማለት ትክክል ነው?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሠፈር አማርኛ አስተምራለሁ። ለክፍል ክርክር «ሕገወጥ ስደተኞችን በድንበር ቁጥጥር ማስቆም ይቻላል ወይስ አይቻልም?» የሚል ርዕስ ሰጠሁ። ክርክሩ ሳይጀመር አንዲት ተማሪ ተነሳችና «ወንድሜ በጅቡቲ ወደብ በኦቦክ በኩል የመን ገብቷል። ወንጀለኛ ግን አይደለም። ርዕሱ ይቀየር» አለች። አንዱ ደግሞ «አቦ፣ ሕግ ከጣሰ ሕገወጥ ነው፤ ታዲያ ምን ይባል?» አላት። እኔም የምለው ጠፋኝ። የቱ ነው ትክክሉ? «ስደተኛ»፣ «ፍልሰተኛ»፣ «ተመላሽ» የሚሉትስ ልዩነታቸው ምንድን ነው? «ድንበር» ወይስ «ወሰን»?

መልስ፦ መምህርት፣ ሁለቱም ልጆች የያዙት እውነት አለ። ልጁ የሚናገረው ስለ ድርጊቱ ነው፤ ልጅቷ ስለ ሰውየው። «ሕገወጥ» የሚለው ቅጽል የት እንደተለጠፈ ካየን ነገሩ ይፈታል።

የአገራችን ሕግ ቅጽሉን መንገዱ ላይ ነው ያስቀመጠው። የ2012ቱ አዋጅ ቁጥር 1178 «ሰውን በሕገወጥ መንገድ ድንበር ማሻገር»ን በወንጀልነት ያስቀምጣል። ሕገወጡ መንገዱ ነው፤ ዋናው ተጠያቂም አሻጋሪው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት ፕሮቶኮልም ሰው በደላላ በመሻገሩ ብቻ በዚያ ፕሮቶኮል አይከሰስም ይላል። አገሮች በራሳቸው የኢሚግሬሽን ሕግ ሊጠይቁት ይችላሉ፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ «ስደተኛ» እንምጣ። «ሰደደ» በግዕዝ አባረረ ማለት ነው። «ተሰደደ» ማለት ተባረረ፣ ተገፍቶ ወጣ ነው። «ፈለሰ» ግን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ሄደ፣ ተዛወረ ነው፤ ገፊ መኖሩን አይነግረንም። ሁለቱም ቃላት በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ውስጥ ለየብቻ አሉ። ከመስከረም 26 ጀምሮ ባለው ወርኃ ጽጌ የሚታሰበው የእመቤታችን ስደት ነው፤ ከሄሮድስ ሸሽታ ግብፅ የገባችበት። የነሐሴው ጾም ደግሞ ፍልሰታ ይባላል፤ ሥጋዋ የፈለሰበት። ማንም ምእመን ሁለቱን አያምታታም። ሙስሊም ተማሪዎችዎም የነቢዩ ባልደረቦች ከመካ ወደ ሐበሻ የመጡበትን ታሪክ ያውቃሉ። የመካ ሰዎች መልእክተኛ ልከው «መልሱልን» ሲሉ ንጉሡ እምቢ እንዳለም ይተረካል። እነዚያ በትክክል ስደተኞች ነበሩ።

ይህ ልዩነት የቃላት ጨዋታ አይደለም። በ2011 የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 «ስደተኛ» የሚለው አገሩ ላይ በሚደርስበት መሳደድ ወይም በጦርነትና በመሰል ሁከት ምክንያት የሸሸውን ሰው ነው። ጅጅጋ አካባቢ በቀብሪ በያህና በአውበሬ መጠለያዎች ያሉት የሶማሊያ ሰዎች በዚህ ስም ይጠራሉ። እ.ኤ.አ. የ1951ዱ የጄኔቫ የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 31 ደግሞ ሕይወቱ ወይም ነፃነቱ አደጋ ላይ ካለበት ቦታ በቀጥታ የመጣ ስደተኛ ሳይዘገይ ለባለሥልጣን ራሱን ካሳወቀና በቂ ምክንያት ካለው፣ ያለ ፈቃድ በመግባቱ ብቻ አይቀጣም ይላል። እንግዲህ በሕጉ ቋንቋ «ሕገወጥ ስደተኛ» እርስ በርሱ የሚጣላ ስም ነው።

በዕለት ተዕለት ንግግር ግን ለእንጀራ የወጣውንም ስደተኛ እንላለን። ችግርም ይገፋልና ይህን ስህተት ነው አልልም። «ፍልሰተኛ» የቢሮ ቃል ነው፤ ከዚራ ሠፈር ቁጭ ብሎ «ወንድሜ ፍልሰተኛ ነው» የሚል ሰው አልሰማሁም። ሕግና ፖሊሲ ስናወራ ግን ያስፈልገናል። አለዚያ ጥገኝነት የጠየቀውና ሥራ ፍለጋ የሄደው በአንድ ስም ይጠቀለላሉ።

ሕዝቡ ራሱ ያወጣው ስም ደግሞ አለ፦ «ወረቀት የለውም»። አሜሪካም ሆነ ዓረብ አገር ያለ ዘመዳችንን እንዲህ ነው የምንለው። አይሰድብም፣ እውነቱንም አይደብቅም። አሜሪካኖቹ በዚሁ ጉዳይ ብዙ ተከራክረዋል። አሶሺየትድ ፕሬስ የተባለው የዜና ወኪላቸው እ.ኤ.አ. በ2013 «ሕገወጥ» የሚለውን ለድርጊት እንጂ ለሰው አንጠቀምም ብሎ ወሰነ። ቁጥጥሩ ይጥበቅ የሚሉት ደግሞ ቃሉን መተው ጥፋቱን ማለስለስ ነው ይላሉ። ስጋታቸው ይገባኛል፤ ግን «በሕገወጥ መንገድ የገቡ ይባረሩ» ቢሉ ከአቋማቸው አንዲት ነጥብ አይጎድልም። እንዲያውም ይጠራል። በአሜሪካ ሕግ ያለ ፍተሻ ድንበር አልፎ መግባት ወንጀል ነው። በቪዛ ገብቶ ቀኑን ማሳለፍ ግን በራሱ ወንጀል ሳይሆን ሊያስባርር የሚችል ጥፋት ነው። «ሕገወጥ ስደተኛ» ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። የትኛው ላይ እንደምንከራከር ሳናውቅ እንጨቃጨቃለን።

የ«ተመላሽ» ነገር ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። «ተመለሰ» በአማርኛ ሁለት ነገር ነው፦ በፈቃዱ መጣ፣ ወይም ሌላ ሰው መለሰው። ግሡ ማን እንዳደረገው አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ሳዑዲ ዓረቢያ ዘመቻ ጀምራ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ሲመጡ ዜናው «ተመላሾች» አለ። ሰዉ ግን «ተጠርዘው መጡ» ነበር የሚለው። የሰዉ ቃል ይበልጣል። እስር ቤት ከርሞ፣ ሻንጣውን እንኳ ሳይዝ አውሮፕላን ላይ የተጫነን ልጅ «ተመለሰ» ብሎ ማለፍ ግፉን ማድበስበስ ነው። ተገድዶ ከሆነ «ተባረረ» ወይም «ተጠረዘ» ይባል። «ተመላሽ» በፈቃዱ ለመጣው ይቅር።

አንድ ቃል ግን ከክፍልዎ ያስወጡልኝ፦ «መጤ»። የውጭ ዜጋ ለማለት አንዳንድ ተርጓሚዎች ይጠቀሙበታል። በእኛ አገር ይህ ቃል ሰው አስፈናቅሏል። ባቡር ይዟቸው በመጣ ሰዎች ለተቆረቆረች ከተማ ልጆች ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። «የውጭ ዜጋ» በቂ ነው።

«ድንበር» እና «ወሰን» ብዙ አያስቸግሩም። በአገርና በአገር መካከል «ድንበር» ይበሉ፤ በክልልና በክልል መካከል «ወሰን»። ደወሌ ላይ ያለው የኢትዮጵያና የጅቡቲ ድንበር ነው። መንገድ ላይ መኪና የሚፈተሽበት ግን ኬላ ነው። ልጆቹ «ድንበር ላይ ተያዘ» እና «ኬላ ላይ ተያዘ» የሚሉትን ይለዩ፤ ከአገሩ ሊወጣ ሲል ኬላ ላይ የተያዘው ገና አልወጣም፣ ገና ምንም ድንበር አልጣሰም።

ርዕስዎን እንዲህ ቢያስተካክሉት፦ «በሕገወጥ መንገድ የሚደረግን ጉዞ በድንበር ቁጥጥር ማስቆም ይቻላል ወይስ አይቻልም?» ልጅቷም ልጁም በዚህ ሊከራከሩ ይችላሉ።