ጣሪያዋ የሚታጠፍ ቮልስ ልትገዛ ከሆነ ክሪክ ይዘህ ሂድ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለቤተሰብ ጉዳይ ቶዮታ አለችህ፤ አሁን ደግሞ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ በፈረንጆች አቆጣጠር የ1972 ሞዴል የሆነች፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ ቀይ ቮልስ አግኝተሃል። ሻጩ «ሞተሯ ታድሷል፣ ቀለሟም አዲስ ነው» ይልሃል። ባለቤትህ ደግሞ «በድሬዳዋ ፀሐይ ጣሪያ የሌለው መኪና ምን ሊረባ?» ትላለች። አንተም ለመዝናኛ ብቻ ብሎ እንዲህ ያለ ነገር መግዛት እብደት ነው ወይ ብለህ ጠይቀኸናል። («አንተ» ማለቴን አትቀየመኝ፤ የድሬ ሰው አንቱታ እንደማይሆንለት ታውቃለህ።)

እብደት መሆኑን እኔው ራሴ እመሰክራለሁ፤ ስምንት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁና። የእኔዋ የ1970 ሞዴል ናት፤ ገና ስገዛት እንደ አንተዋ ሞተሯ የታደሰ፣ ቀለሟ ገና ያልደረቀ ነበረች። ስለዚህ አትግዛ አልልህም። ሻጩ በነገረህ በእነዚያ በሁለቱ ነገሮች ተማርከህ እንዳትገዛ ግን እለምንሃለሁ።

ሞተሩ ምንም አያስጨንቅህ። የቮልስ ሞተር ከካምቢዮው (ከማርሽ ሣጥኑ) ጋር የተያያዘው በአራት ብሎን ነው፤ የለመደ መካኒክ ቁርስና ምሳ መካከል አውርዶ መሬት ላይ ያስቀምጥልሃል። ፋብሪካው ሜክሲኮ ውስጥ እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ድረስ ቮልስ ሲሠራ ስለቆየ መለዋወጫው ዛሬም ይመረታል። ቀለሙን በተመለከተ ደግሞ፣ አሮጌ መኪና ለሽያጭ ስትወጣ አዲስ ቀለም ከተቀባች እኔ መጠርጠር የምጀምረው ከዚያው ነው። የተላጠች ብትሆን ኖሮ ቢያንስ ምን እንደምትገዛ ታይ ነበር።

ዋናው ነገር ያለው ከበሮቹ ሥር ነው። ጣሪያው ብረት በሆነው ቮልስ ላይ ጣሪያው ራሱ ሸክም በመሸከም ይረዳል። ጣሪያው ሲነሳ ያ ሁሉ ጭነት ወደ ታች ይወርዳል። ጣሪያቸው የሚታጠፈውን ቮልሶች ይሠራ የነበረው የጀርመኑ የኦስናብሩክ ከተማ ፋብሪካ ካርማን ከበሮቹ ሥር ተጨማሪ ማጠናከሪያ ብረት ይበይድባቸው የነበረው ለዚህ ነው። ከ1949 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ330 ሺህ በላይ ሠርቷል። ችግሩ ከበሮቹ ሥር ያለው ይህ ረጅም ሣጥን ውስጡ ባዶ መሆኑ ነው፤ ከሞተሩ የሚመጣው ሞቃት አየር ወደ ፊት የሚያልፈው በእርሱ ውስጥ ነው። ጣሪያው ባፈሰሰ ቁጥር ምንጣፉ ውኃ ይጠጣል፣ ብረቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። ድሬዳዋ ዝናብ ስለማይበዛባት ዝገት የለም የሚሉህ ሰዎች መኪናዋ ከየት እንደመጣች አልጠየቁም ማለት ነው። ሃምሳ ዓመት ያለፋት መኪና አዲስ አበባም ኖራ ይሆናል፣ የወደብ አየርም ጠጥታ ይሆናል።

የእኔዋን ጉድ ያወቅሁት በገዛኋት በሦስተኛው ሳምንት ነው። አማቼና ሚስቱ ለበዓል ከሐረር መጥተው ነበርና ከኋላ አስቀምጬ፣ ጣሪያውን አጥፌ፣ ባለቤቴን ከጎኔ አድርጌ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ወጣን። ማታ ነው፣ ነፋሻ ነው፤ ልጆች ከመንገድ ዳር እየጮሁ ሰላም ይሉናል። ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ደርሰን ጭማቂ ልንጠጣ ስንል በባለቤቴ በኩል ያለው በር አልከፈት አለ። የእኔም እንዲሁ። ብገፋ፣ ብጎትት፣ በትከሻዬ ብመታው ወይ ፍንክች። በመጨረሻ አማቼ በጎን በኩል ተሻግሮ ዘለለ፤ ሚስቱም የአገር ልብሷን ሰብስባ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ተከተለችው። የባጃጅ ሾፌሮች አጨበጨቡልን። ሁለቱ ከወረዱ በኋላ በሩ በአንድ ጣት ተከፈተ።

በማግስቱ ጠዋት የማቀዝቀዣ በር ላይ የምንለጥፈውን ማግኔት በጨርቅ ጠቅልዬ ከበሩ ሥር አስጠጋሁት። አልያዘም፤ ወደቀ። ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ኋላ እያስጠጋሁ ሞከርኩ፤ የያዘው ከኋላ ጎማው አጠገብ ብቻ ነው። በካቻቢቴ ወጋ ሳደርገው ቀዳዳው የተደፈነበት ስቱኮ በቁራጭ በቁራጭ ወረደ፣ ከስቱኮው ሥር ደግሞ የታጨቀ ጋዜጣ ወጣ። የስፖርት ገጽ ነበር፤ ውጤቱ ሳይቀር ይነበባል። መኪናዬን ከበሮቿ ሥር ተሸክሟት የነበረው እርሱ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልንገርህ፣ ሊጠቅምህ ስለሚችል። መጀመሪያ የሰጠሁት በያጅ መኪናዋ በጎማዋ እንደቆመች የበሰበሰውን ብረት በሁለቱም በኩል ቆርጦ ጣለው። አካሏ መሐሏ ላይ የጣት ስፋት ያህል ጎበጠ። ሁለተኛው፣ በምድር ባቡር ጋራዥ ያረጁ ሰው፣ አይተው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉና «ልጄ፣ አጥንቷን ሳያስሩ ነው ሥጋዋን የቆረጡት» አሉኝ። እርሳቸው በየበሩ ክፍተት ቧንቧ አጋድመው በየዱ፣ ከጥግ ወደ ጥግ በሲባጎ ለኩ፣ ሁለቱ ሲባጎዎች እኩል እስኪሆኑ ድረስ ቀስ በቀስ በክሪክ አነሱ፤ አዲሱን ብረት ያስገቡት ከዚያ በኋላ ነው። አራት ወር ፈጀ። ዋጋውም መኪናዋን ከገዛሁበት ግማሹን ያህል ሆነ።

ስለዚህ ክሪክ ይዘህ ሂድ። በጎን በኩል ካለው የክሪክ ማስገቢያ አንድ ጎን አንሳና ጎማው ከመሬት ሲለቅ በሩን ክፈት፣ ዝጋ። ያለ ትግል ከተከፈተና ከተዘጋ ጥሩ ምልክት ነው። በሩ ከተጣበቀ፣ ወይም ክሪኩ መኪናዋን ሳያነሳ ወደ ውስጥ ከሰመጠ ሻጩን አመስግነህ ሻይህን ጠጥተህ ተመለስ። ከዚያ የኋላውን ወንበር አንሳ። ባትሪው በቀኝ በኩል ከወንበሩ ሥር ነው፤ አሲዱ የሚያፈሰው እዚያ ስለሆነ ወለሉ መጀመሪያ የሚበሳው እዚያ ነው። እግረ መንገድህን የባትሪው ክዳን መኖሩን እይ፤ ክዳን ከሌለው ከባድ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ሽቦ ወርዶ ባትሪውን ይነካና እሳት ያስነሳል። አማቼን ከኋላ የማላስቀምጠው በበሩ ምክንያት ብቻ አይደለም።

ወንበሩን እንዳነሳህ መሐል ላይ ባለው ጉብታ ላይ የተቀረጸውን የሻንሲ ቁጥር በጨርቅ ጠርገህ አንብብ። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፦ ከ1965 ሞዴል ጀምሮ ባሉት ላይ ፋብሪካው ራሱ ጣሪያዋን የሚታጠፍ አድርጎ የሠራት ቮልስ ቁጥሯ በ15 ይጀምራል። የተለመደችዋ በ11 ትጀምራለች። ሦስተኛው አኃዝ የሞዴሉን ዓመት የመጨረሻ ቁጥር ይነግርሃል፤ የ1972 ከሆነች 152 ብላ መጀመር አለባት። 112 ካነበብክ አንድ ሰው ተራዋን ቮልስ በመጋዝ ቆርጦ ሸራ አልብሷታል፤ ከሥር ማጠናከሪያ የላትምና በነጻ ብትሰጥህም አትቀበል። ያነበብከው ቁጥር ከሊብሬው ጋር አኃዝ በአኃዝ መመሳሰል አለበት፣ የሞተሩም እንዲሁ። ሞተሩ ታድሷል ካሉህ ምናልባት ተቀይሮ ይሆናል፤ ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ካልተስተካከለ ስም ሲዛወር ትንገላታለህ።

አሁን ወደ ባለቤትህ ጥያቄ ልምጣ። ፀሐዩ እውነት ነው። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ድረስ ጣሪያውን አጥፈህ ድሬዳዋ ውስጥ አትንዳ፤ ወንበሩ ያቃጥላል፣ መሪው አይያዝም፣ ራስህም ይዞርብሃል። ይህች የማለዳና የማታ መኪና ናት። እኛ ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወጥተን፣ ቀፊራ ገበያ ሳይሞላ አልፈን፣ ዳቦ ገዝተን እንመለሳለን። ለሐረር ጉዞ ደግሞ ጣሪያውን የምናጥፈው የደንገጎን ዳገት ከወጣን በኋላ ነው፤ ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ሐረማያ ወደ 2,000 ሜትር ትጠጋለች፣ አየሩ ከዳገቱ ጋር እየተቀየረ ሲመጣ ፊትህ ላይ ይሰማሃል። በዝግ መኪና ሃምሳ ጊዜ የሄድኩበት መንገድ እንደዚህ መሆኑን አላውቅም ነበር። አወዳይ ስትደርስ ግን ቀስ በል፤ የጫት መኪኖች ለማንም አይቆሙም።

ደንገጎ ላይ አንድ ነገር አስታውስ። የቮልስ ሞተር ራዲያተር የለውም፤ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፤ አየሩን የሚነፋው ማራገቢያና ዲናሞው የሚዞሩት በአንድ ቺንጋ (የጎማ ቀበቶ) ነው። ቺንጋው ከተበጠሰ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይዋ የዲናሞ መብራት ትበራለች። ሌላ መኪና ላይ ቢሆን «ባትሪ አይሞላም፣ ጋራዥ ድረስ እደርሳለሁ» ትላለህ። እዚህ ግን ያኔውኑ ሞተሩን አጥፍተህ ዳር መያዝ አለብህ፤ ዳገት ላይ ጥቂት ደቂቃ ብትነዳው ሞተሩ ይነክሳል። ትርፍ ቺንጋና 21 ቁጥር ቁልፍ ከመኪናዋ አይለዩ። ሞተሩን የከበበው የላሜራ ሽፋንና ዙሪያውን ያለው ጎማ በሙሉ በቦታቸው መሆናቸውን አረጋግጥ፤ መካኒኮቻችን «ምን ያደርጋል» ብለው የሚጥሉት እርሱን ነው፣ እርሱ ሲጠፋ ሞተሩ የራሱን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል። የሞተር ክዳኑም የአየር መግቢያ ቀዳዳ ያለው መሆን አለበት። ቤንዚን የሚያስተላልፉትን ጎማዎች ደግሞ የታደሰም ይሁን አይሁን በገዛህ ዕለት ሁሉንም ቀይራቸው። ከሞተሩ በላይ የሚያልፍ የደረቀ ጎማ ስንት ቮልስ አቃጥሏል። ስትወርድ በማርሽ ውረድ፤ ፍሬኗ እንደ ቶዮታህ አይደለም።

ጣሪያው ብዙ ሰው የሚፈራው ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ ቀላል ሆኖ ያገኘሁት እርሱን ነው። አጥንቱ ብረትና እንጨት ነው፣ እንጨቱን ብቻ ምስጥ ወይም ርጥበት እንዳልበላው በጥፍርህ ጫን ብለህ እይ። ሸራውን የባጃጅ ጣሪያ የሚሰፉ ልጆች አሮጌውን አፍርሰው፣ ያንኑ እንደ ልክ ተጠቅመው ሰፉልኝ፤ ከኋላው መስታወት ዙሪያ ሁለት ጊዜ ተሳስተው በሦስተኛው ተሳካ። ሲታጠፍ የሚለብሰውን ሽፋን ግን ሐረር መኪና ግርግር ወስጄ ነው ያሰፋሁት። መንገዱ ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪኖቹ ድምፅ መሆኑን ታውቃለህ፤ ልብስ ሰፊው «ለመኪና ልብስ ስሰፋ የመጀመሪያዬ ነው» ብሎ የሴት ቀሚስ የሚመስል ጠርዝ ሠራለት። እስካሁን አለ። ሸራውን ርጥብ ሆኖ አታጥፈው፣ ይሻግታል፤ ታጥፎም ሳምንታት አታቆየው፣ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። ጥላ ውስጥ አቁማት፤ ከዚራ ዛፍ ሥር ካቆምካት ግን ጣሪያውን ዝጋ፣ ወፎቹ አያዝኑም። ሐረር ስታድር ሥጋ ውስጧ አትተው። ጅብ ሸራ አይቀድም ይሉኛል፣ እኔ አልሞከርኩትም።

ልጆችን በተመለከተ ከባለቤትህ ጎን ነኝ። ብትገለበጥ ራስህን የሚከላከል ምንም ነገር የለም። ልጆቼን ከተማ ውስጥ በዝግታ ካልሆነ አልጭንም፤ ደንገጎ ፈጽሞ አይታሰብም።

ስለ ዋጋው ቁጥር አልናገርም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከሉ አሮጌ መኪና ያለው ሁሉ ወርቅ የያዘ መስሎታል፤ ሻጭህም ከእነርሱ አንዱ ይሆናል። ያለህን ገንዘብ በሙሉ መግዣው ላይ አታውለው፤ ሢሶው ከእጅህ ካልቀረ ጓሮህ ውስጥ ዶሮ የሚያድርባት ቮልስ ትኖርሃለች። ብቻ አሮጌ መኪና መንዳት ነው የናፈቀኝ፣ ጣሪያው ግድ የለኝም ካልክ ፔዦ 404 ፈልግ። ሐረር ውስጥ ስንት ዓመት ታክሲ ሆና ስለሠራች ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታት መካኒክ አታጣም፤ ባለቤትህም ጣሪያ አላት ብላ ደስ ይላታል።

ቅዳሜ ሳቢያን ሄደህ ልታያት ከሆነ ፀሐይ ሳይበረታ ጻፍልኝ፤ አብሬህ እሄዳለሁ። ክሪኩን አንተ ያዝ፣ ማግኔቱን እኔ አመጣለሁ። ለሻጩ ግን ከኋላ ወንበር የሚቀመጡ ሁለት ወፍራም ዘመዶች ይዘን እንደምንመጣ ቀድመህ አትንገረው።