መልስ፦ ባገር 288 ለምን በናፍጣ አይሠራም? ከቦታ ቦታስ እንዴት ይሄዳል?

በጀርመን የድንጋይ ከሰል ማዕድን ማውጫዎች የሚሠራው ግዙፍ የመቆፈሪያ ማሽን ባገር 288 ለምን በናፍጣ እንደማይሠራና ከአንድ ማዕድን ማውጫ ወደ ሌላው እንዴት እንደሚዛወር ጠይቀዋል። የመጀመሪያው ብዙ አያነጋግርም፤ ማሽኑ 16.5 ሜጋዋት ገደማ ኃይል ስለሚፈልግ ኤሌክትሪኩን ከውጭ በገመድ ይቀበላል።

የሚቆፍረው ክፍል ከዳር እስከ ዳር ከ21 ሜትር በላይ ስፋት ያለው መንኮራኩር ሲሆን፣ በዙሪያው 18 ባልዲዎች ተገጥመውለታል፤ መንኮራኩሩ ሲዞር እያንዳንዱ ባልዲ አፈሩን ፍቆ ወደ ላይ ያወጣና አናቱ ላይ ሲደርስ ማጓጓዣ ቀበቶ ላይ ይዘረግፈዋል። እንደ ተራው ኤክስካቫተር ዝቆ፣ ዞሮ፣ ደፍቶ መመለስ የለበትም፤ በቀን እስከ 240,000 ሜትር ኩብ አፈር ማንሳት ያስቻለውም፣ በእኔ አስተያየት፣ ከግዝፈቱ ይልቅ ይህ አለማቋረጡ ነው።

ጉዞውን በተመለከተ፣ 13,500 ቶን የሚመዝነው ይህ ማሽን የሚሄደው በሰፋፊ የብረት ሰንሰለቶች ነው። ክብደቱ በሰንሰለቶቹ ስፋት ላይ ስለሚከፋፈል መሬቱን የሚጫነው ሰዎች ከሚገምቱት በጣም ባነሰ ጉልበት ነው፤ ፍጥነቱ ግን በሰዓት አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። በ2001 እ.ኤ.አ. ከሃምባኽ ማዕድን ማውጫ ወደ ጋርትስቫይለር ማዕድን ማውጫ የተዛወረው በራሱ ሰንሰለት እየሄደ ሲሆን፣ 22 ኪሎ ሜትሩ ሦስት ሳምንት ወስዶበታል። ኤርፍት ወንዝን ለመሻገር ውሃው የሚያልፍባቸው ትልልቅ የብረት ቱቦዎች ተዘርግተው በላያቸው ድንጋይና ጠጠር ተደልድሎ ነበር። ይህ ሁሉ ድካም ማሽኑን ፈታትቶ ከማጓጓዝና እንደገና ከመገጣጠም በወጪ ረገድ ይሻል ነበር።