የሰዓት ሒሳብ በኤክሴል፦ ጥያቄያችሁና መልሴ

አዳማ ውስጥ የሒሳብ መዝገብ ስይዝ ከብሩ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረኝ ሰዓቱ ነው። ሰው ስንት ሰዓት ሠራ? መኪናው መንገድ ላይ ስንት ሰዓት ቆየ? እናንተም ላይ ያው እንደሆነ ከጥያቄያችሁ ገብቶኛል። ፎርሙላዎቹን ለንባብ እንዲመች በእኛው ፊደል ጽፌያቸዋለሁ፤ ስትሠሩ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መልሱት። ኤ የመግቢያ ሰዓት፣ ቢ የመውጫ ሰዓት ኮለም (ከላይ ወደ ታች የሚወርደው ዓምድ) ይሁን፤ ሴል የምለው እያንዳንዷን ሳጥን ነው።

ጥያቄ፦ የምሠራው ምግብ ቤት ነው። አንዷ አስተናጋጅ ጠዋት 2:30 ገብታ ማታ 1:00 ወጣች። ስቀንሰው ሴሉ በሃሽ ምልክት ይሞላል። ኮለሙን ባሰፋውም አይለቅም።

እህቴ፣ ኮለሙ ምንም አልሆነም። ከ1:00 ላይ 2:30 ሲቀነስ ውጤቱ ከዜሮ በታች ነው። ኤክሴል በተለመደው አቀማመጡ ከዜሮ በታች የሆነ ሰዓት ማሳየት አይችልም።

አንድ ነገር ከገባሽ ሌላው ሁሉ ይቀልልሻል። ኤክሴል ሰዓትን የሚያስቀምጠው የቀን ክፍልፋይ አድርጎ ነው። ሙሉ ቀን 1 ነው። 12 ሰዓት 0.5 ነው። 6 ሰዓት ደግሞ 0.25። ባዶ ሴል ላይ 6:00 ጻፊና ፎርማቱን ጀነራል አድርጊው፤ 0.25 ሲሆን በዓይንሽ ታይዋለሽ። ኤክሴል ቀኑን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው፤ እኛ ከንጋት ነው የምንቆጥረው። ልዩነቱ 6 ሰዓት፣ ማለትም ሩብ ቀን ነው።

ስለዚህ በእኛ አቆጣጠር የቀን ሰዓት ከሆነ 0.25፣ የማታ ከሆነ 0.75 ትጨምሪበታለሽ። የአስተናጋጇ 2:30 ወደ 8:30 ይመጣል፤ ማታ 1:00 ወደ 19:00። ሲቀነስ 10:30፤ አሥር ሰዓት ተኩል ሠርታለች። በእጅ መቀየሩ ከሰለቸሽ ሲ ኮለም ላይ መግቢያው "ቀን" ይሁን "ማታ" ሙይና ይህን ጻፊ፦

=ሞድ(ኤ2+ኢፍ(ሲ2="ቀን",0.25,0.75),1)

ኢፍ "ከሆነ" ማለት ነው፤ ሞድ (ኤም፣ ኦ፣ ዲ) ሙሉውን ቀን ትቶ ትርፉን ብቻ ያስቀራል። ለመውጫውም እንዲሁ ሌላ ኮለም ያዢ። አደራ፣ የንጋቱ 12 ሰዓት "ማታ" ተብሎ ነው የሚሞላው፤ የምሽቱ 12 "ቀን" ይባላል። መዝጋቢዎች የሚሳሳቱት እዚህች ጋ ነው።

ጥያቄ፦ የጥበቃ ሠራተኛችን ከምሽቱ 12 እስከ ንጋቱ 12 ያድራል። 18:00 እና 6:00 ብዬ ቀየርኩት። አሁንም ሃሽ ነው።

ሌሊቱ ቀን ስለተሻገረ ነው። =ሞድ(ቢ2-ኤ2,1) ብለው ይጻፉ። 12:00 ይሰጥዎታል። ሞድ የጎደለውን ቀን ይሞላዋል። ሥራው 24 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚቆይ ከሆነ ግን ይህ አይሠራም፤ ለዚያ ከታች የጭነት መኪናውን መልስ ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ የየቀኑ ልክ ነው። የወሩ ድምር ግን የማይመስል ነገር ያወጣል።

ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን አንድ ድርጅት ውስጥ የጥበቃ ሠራተኞችን ሰዓት እደምር ነበር። አንደኛው በወሩ 26 ሌሊት አድሯል፣ በየሌሊቱ 12 ሰዓት። ድምሩን ሳየው 0:00 ይላል። ሰውየው አንድም ሰዓት እንዳልሠራ! 312 ሰዓት ማለት ልክ 13 ቀን ነው፤ ኤክሴል 13ቱን ቀን ትቶ ትርፉን ብቻ ነበር የሚያሳየኝ፤ ትርፍ ደግሞ የለም። የእሱስ ዜሮ ስለሆነ ደነገጥኩና ፈተሽኩ። በቀን 8 ሰዓት የሠራው ጓደኛው 208 መሆን ሲገባው 16:00 ይል ነበር። እንዲህ ያለው ቁጥር ሰዓት ስለሚመስል ማንም ሳያየው ያልፋል። ዛሬም ደመወዝ ከመፈረሜ በፊት ጠቅላላውን በወረቀት አንዴ ሳላባዛ አልለቅም።

መፍትሔው ቀላል ነው። የድምሩን ሴል ይዛችሁ ኮንትሮልና 1 ተጫኑ። ከስተም የሚለው ውስጥ ግቡና ኤች የምትለዋን ፊደል በማዕዘን ቅንፍ ክበቧት፤ ከዚያ ሁለት ነጥብና ሁለት ኤም። ቅንፏ "በ24 አታቁም፣ ቁጠር" ማለት ናት። ጎግል ሺትስ የምትጠቀሙ ዱሬሽን የሚለውን ፎርማት ምረጡ፣ ያው ነው።

ጥያቄ፦ የምሳ አንድ ሰዓት ልቀንስ ብዬ 1 ስቀንስ ተበላሸ።

1 ሙሉ ቀን ነው፣ ወንድሜ። 1/24 ቀንስ።

ጥያቄ፦ 7:30 ሰዓት በ40 ብር ሳባዛ 12 ብር ከ50 ሳንቲም ወጣ። ሠራተኛው ፊት አፈርኩ።

አይዞሽ። 7:30 ውስጡ 0.3125 ስለሆነ ነው። በ24 አባዢው፣ 7.5 ይሆናል፤ ከዚያ በ40፣ 300 ብር። ሴሉን ወደ ነምበር ፎርማት መቀየር እንዳትረሺ። በእጅ ደግሞ 7.30 ብሎ መጻፍ አይሆንም፤ ሰላሳ ደቂቃ ግማሽ ሰዓት ነው፣ 0.30 አይደለም። በዚህች ነጥብ የብዙ ሠራተኛ ብር ይቀራል።

ትርፍ ሰዓትም ካለ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለው የሰዓቱ ክፍያ በ1.5 ይባዛል። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5። ለየአንዳንዱ የራሱን ኮለም ያዢ። በአዘቦት ቀን ከምሽቱ 2 እስከ 5 በትርፍ የሠራ ሰው ሁለቱ ሰዓት በ1.5፣ አንዱ በ1.75 ነው። በ40 ብር ሒሳብ 190 ብር ይደርሰዋል።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ጅቡቲ ደርሶ እስኪመለስ ስንት ሰዓት እንደቆየ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ቀኑንና ሰዓቱን አንድ ሴል ውስጥ፣ በመሃል ክፍተት ትተው ይጻፉ። ቀኑ በፈረንጅ ይሁን። ማርች 10 በ4:00 ወጥቶ ማርች 15 በ13:30 ከገባ ቀጥታ መቀነስ ነው፤ ሞድም አያስፈልግም። ከላይ ባልኩት የቅንፍ ፎርማት 129:30 ይላል።

ጥያቄ፦ ሰዓቱ ሴሉ ውስጥ ወደ ግራ ይጠጋል፣ አይደመርም።

ጽሑፍ ሆኖ ነው። ከሰዓቱ ጋር "ጠዋት" ብላችሁ ካያያዛችሁ ኤክሴል አይገባውም። ቁጥሩን ብቻ ጻፉ።

ጥያቄ፦ የሠራተኛ ፈቃድ የምንይዘው በኢትዮጵያ ቀን ነው። ስንት ቀን እንዳለፈ እንዴት ላውጣ?

የእኛን ቀን እንደ ቀን አድርገህ እንዳታስገባ። የካቲት 30፣ 30/6 ተብሎ ሲገባ የፈረንጁን ጁን 30 አድርጎ ሊይዘው ይችላል፤ ዝም ብሎ ይሳሳታል። ጳጉሜንማ ጭራሽ አያውቃትም።

ቀን፣ ወር፣ ዓመት ብለህ በሦስት ኮለም ለያቸው። ከጳጉሜን በቀር ወሮቻችን ሁሉም 30 ስለሆኑ ሒሳቡ ከፈረንጁ ይቀላል። ዓመቱን በ365 አባዛ። ዓመቱን ለ4 አካፍለህ ሙሉ ቁጥሩን ብቻ ደምር፣ እሱን ኢንት ይሠራልሃል። ከወሩ 1 ቀንሰህ በ30 አባዝተህ ደምር። ቀኑን ጨምር። ቀን በኤ፣ ወር በቢ፣ ዓመት በሲ ከሆነ፦

=ሲ2*365+ኢንት(ሲ2/4)+(ቢ2-1)*30+ኤ2

ለሁለቱም ቀን እንዲህ ሠርተህ ቀንስ። ከጥር 20 ቀን 2015 እስከ መስከረም 10 ቀን 2016 ሞክረው፤ 236 ቀን ይመጣል። በጣትህ ብትቆጥረውም ያው ነው፣ የዚያን ዓመቷ ጳጉሜን 6 መሆኗን ጨምሮ።