መልስ፦ የማዳበሪያ ድጎማው ብር የት ነው የሚገባው?

«አባቴ ከአዳማ ወጣ ብሎ ጤፍ ያርሳል፤ መንግሥት ደጎመ ይባላል፣ እጁ ላይ ግን ሳንቲም አልገባም» ላልከው ወንድሜ፣ የግድ ተበልቶባችሁ አይደለም። ድጎማው በጥሬ ብር አይሰጥም። ከውጭ በዶላር ተገዝቶ በጅቡቲ ከሚገባው ማዳበሪያ ዋጋ ላይ ይቀነሳል። በ2014 ዓ.ም. 15 ቢሊዮን ብር ወጥቶበታል። ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ብር ወደቀ፤ ስለዚህ አባትህ ድጎማ እያለም «ተወደደብኝ» ቢሉ እውነታቸውን ነው።

ይልቅ የማዳበሪያ ምዝገባው እንዳያመልጣቸው። የቀበሌው የግብርና ልማት ሠራተኛ ሲመዘግብ ሁለቱንም የማዳበሪያ ዓይነት፣ ዳፑንም ዩሪያውንም፣ አንድ ላይ ያስጽፉ። አጎቴ ዳፑን ብቻ አስጽፎ፣ ነሐሴ ላይ ጤፉ ቢጫ ሲሆንበት ዩሪያ ፍለጋ ነጋዴ ቤት ተንከራተተ። የነጋዴው ዋጋ ከገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ዋጋ ጋር አይገናኝም! ከከፈሉ በኋላ ደግሞ ደረሰኟን በፌስታል ጠቅልለው ያስቀምጧት፤ ዝናብ የነካው ወረቀት ይዞ መከራከር አይቻልም።