ፒፕ አልሰራ ሲል ላፕቶፑን ፎርማት አታስደርጊ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ግቢ ተዘግቶ ቡሬ ቤተሰብ ጋ ነኝ፣ ፓይተን በራሴ እየተማርኩ ነው። ሲ ድራይቭ ሲሞላብኝ የፓይተኑን ፎልደር እንዳለ ከት አድርጌ ዲ ላይ ፔስት አደረግኩት፣ ፓዙንም (ዊንዶውስ ፕሮግራም የሚፈልግባቸውን ፎልደሮች ዝርዝር) ቀየርኩ። ፓይተን ይከፈታል፣ ኮዴም ይሰራል፣ ፓንዳስ የሚባለውን የዳታ ላይብረሪ በፒፕ (የፓይተን ተጨማሪዎችን አውርዶ በሚያስገባው ፕሮግራም) ላስገባ ብዬ ፒፕ ኢንስቶል ፓንዳስ ስል ግን "ፌታል ኤረር ኢን ላውንቸር" ብሎ ያቆማል። ጥገና ቤት ፎርማት ይደረግ አሉኝ፣ የመመረቂያ ጽሑፌ ደሞ እዛው ላይ ነው። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ እባክሽ ፎርማት እንዳታስደርጊው! ዊንዶውስሽ ምንም አልሆነም። ጽሑፍሽን ግን ዛሬውኑ ፍላሽ ላይ ገልብጪው፣ ይሄ ከፒፕም ይቀድማል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፒፕ ብለሽ ስትጽፊ የሚነሳው ስክሪፕትስ ፎልደር ውስጥ ያለ ትንሽ ኤግዚ ፋይል ነው፣ እሱ ራሱ ምንም አያወርድም፣ ስራው ፓይተንን መጥራት ብቻ ነው፣ እና ፓይተን የት እንዳለ ኢንስቶል በተደረገበት ቀን ሙሉ አድራሻው ውስጡ ተጽፎበታል። አንቺ ወደ ዲ ብታዛውሪውም እሱ አሁንም ሲ ላይ ያለውን የድሮ ቤት ነው የሚያንኳኳው። ፓዝ መቀየር ያላዳነሽም ለዚህ ነው፣ ፓዝ ኤግዚውን ያገኝልሻል እንጂ በውስጡ የተጻፈውን አይቀይርም።

ስለዚህ ኤግዚውን ተይውና በፓይተን በኩል ጥሪው። ሲኤምዲ ከፍተሽ ፓይተን፣ ከዛ ሰረዝ ኤም (-m)፣ ከዛ ፒፕ ብለሽ ኢንስቶል ፓንዳስን አስከትይ። በቃ ይሰራል። ኤግዚውንም ለማደስ በዚሁ መንገድ ፒፕ ኢንስቶል ሰረዝ ሰረዝ ፎርስ ሰረዝ ሪኢንስቶል (--force-reinstall) ፒፕ በይ፣ አፕግሬድ ብቻ ካልሽው ቨርዥኑ አዲስ ከሆነ ምንም ሳይነካ ይተወዋል። በፒፕ ያስገባሻቸው እንደ ጁፒተር ያሉ ፕሮግራሞችም ተመሳሳይ ኤረር ካመጡ፣ በዚሁ ትእዛዝ መጨረሻ ላይ በፒፕ ፋንታ ስማቸውን ስትጽፊ ይስተካከላሉ፣ ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት (ለአንድ ፕሮጀክት ብቻ የተለየ የፓይተን ፎልደር) ካለሽ ግን አጥፍተሽ እንደገና ፍጠሪው። ወደፊት ደሞ ፎልደር ከማዛወር አንኢንስቶል አድርጎ ኢንስቶለሩ ላይ ዲን መምረጥ ነው የሚሻለው።

"ኖ ሞጁል ኔምድ ፒፕ" ካለሽ ፓይተን ሰረዝ ኤም ኢንሹርፒፕ (ensurepip) በይ፣ ከ3.4 ጀምሮ ፒፕ ከፓይተን ጋር አብሮ ስለሚመጣ ኢንተርኔት እንኳን አይፈልግም።

የሰርተፊኬት ኤረር (የሚያወርድበትን ድረ ገጽ ማንነት ማረጋገጥ አልቻልኩም የሚል) ከመጣ መጀመሪያ የላፕቶፑን ቀን እዪ። የማዘርቦርድ ባትሪ ሲሞት ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ አንዳንዱም በኛ ዓመተ ምህረት ይሞላዋል፣ ያኔ ኮምፒውተሩ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ስለሚቀር ሰርተፊኬቱ ገና ያልተሰጠ ይመስለዋል።

ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ካስቸገረሽ ሰረዝ ሰረዝ ታይምአውት 100 ጨምሪበት፣ ካልተነካ የሚጠብቀው 15 ሰከንድ ብቻ ነው። እንደዛም ካልሆነ ማርቆስ ወይ ባህር ዳር ያለ ጓደኛሽ ፒፕ ዳውንሎድ ፓንዳስ ብሎ የወረዱትን ፋይሎች በሙሉ በፍላሽ ይላክልሽ፣ ፓንዳስ የሚፈልገው ነምፓይ የሚባል ላይብረሪም አብሮ ይወርዳል፣ ግን የሱም ማሽን ዊንዶውስ ይሁን፣ የፓይተኑ ቨርዥንና 64 ቢትነቱም ካንቺው ጋር አንድ ይሁን። ስታስገቢው እዛው ፒፕ ኢንስቶል ፓንዳስ ላይ ሰረዝ ሰረዝ ኖ ሰረዝ ኢንዴክስ (--no-index)፣ ቀጥሎ ሰረዝ ሰረዝ ፋይንድ ሰረዝ ሊንክስ (--find-links) ብለሽ የፍላሹን ፎልደር ትሰጪዋለሽ።